የሌዘር መሪ ኮከብ፦ ትላልቅ ቴሌስኮፖች የአየርን ነውጥ የሚያሸንፉበት ብልሃት

ደብረ ወርቅ፦ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የምሥራቅ ጎጃም ሰማይ ይጠራል። በደብረ ወርቅ፣ በብቸና ወይም በሞጣ ማምሻውን ደጅ ወጥቶ ቀና ያለ ሰው ኮከቦች ብልጭ ድርግም ሲሉ ይመለከታል። ይህን የኮከቦቹ ጠባይ አድርጎ የሚወስደው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ኮከቡ ራሱ አይርገበገብም፤ የሚርገበገበው በእኛና በኮከቡ መካከል ያለው አየር ነው።

ለዓይን ውበት የሆነው ይህ ክስተት ለሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች የዘመናት እንቅፋት ሆኖ ኖሯል። በብዙ ገንዘብ የተሠራ ግዙፍ ቴሌስኮፕ በአየሩ መናወጥ ምክንያት ከአንድ ትንሽ መሣሪያ የጠራ ምስል ሊያሳይ የማይችልበት ጊዜ ብዙ ነበር። ለችግሩ ከተገኙት መፍትሔዎች ዋነኛው ወደ ሰማይ ሌዘር ተኩሶ ሰው ሠራሽ ኮከብ ማብራት ነው። ይህ ጽሑፍ ብልሃቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንዳስገኘ፣ ምን እንደማይችል፣ እንዲሁም የክልላችን ተራሮች ከጉዳዩ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ያብራራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም ተብለው ከተለዩት በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አየር ብርሃንን እንዴት ያናውጣል?

በበጋ ቀትር በታረሰ ማሳ ወይም በአስፋልት መንገድ ላይ አሻግሮ የሚመለከት ሰው ከወዲያ ያለው ዛፍ ሲወዛወዝ ያያል። ዛፉ ግን በቦታው ጸንቶ ቆሟል። ከጋለው መሬት የሚነሣው ሞቃት አየር በላዩ ካለው ቀዝቃዛ አየር ጋር ሲቀላቀል በመካከል የሚያልፈውን ብርሃን ወዲያና ወዲህ ያጣምመዋል። በሚፈስ ውኃ ሥር ያለ ጠጠር ሲወዛወዝ የሚታየውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ብርሃን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲሻገር መንገዱ ይታጠፋል።

የኮከብ ብርሃን እጅግ ከሩቅ ስለሚመጣ ወደ ምድር ከባቢ አየር ሲደርስ ሞገዱ እንደ ተዘረጋ አንሶላ ለጥ ያለ ነው። ከባቢ አየሩን ሲያቋርጥ ግን በሞቃትና በቀዝቃዛ የአየር ክፍሎች ውስጥ ያልፋል። በአንዱ በኩል ትንሽ ይዘገያል፤ በሌላው በኩል ትንሽ ይቀድማል። ቴሌስኮፑ ዘንድ ሲደርስ ያ ለጥ ያለ ሞገድ ተጨማዶ ይገኛል። ጭማደዱም በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ይለዋወጣል። በዚህ ምክንያት አንዲት ነጥብ መሆን የነበረባት ኮከብ በፎቶግራፍ ላይ ተስፋፍታ እንደ ደበዘዘ ጠብታ ትወጣለች።

የድብዝዝታውን መጠን ለመገመት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳንቲም ከ4 ኪሎ ሜትር ርቀት ሲታይ የሚኖረው ስፋት አንድ የቅስት ሴኮንድ ያህላል። ይህም የአንድ ዲግሪ 3 ሺህ 600ኛ ክፍል ነው። የተለመደ የአየር ነውጥ ባለበት ሌሊት አንድ ኮከብ የሚደበዝዘው በዚሁ መጠን ነው። የመስታወቱ ስፋት 8 ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ግን የአየር እንቅፋት ባይኖርበት በታሕታይ ቀይ ብርሃን ያንኑ ሳንቲም ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ለይቶ ለማየት የሚያስችል ጥራት አለው። ከባቢ አየር የሚነጥቀን ይህን ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሰፊ መስታወት ብዙ ብርሃን ስለሚሰበስብ አየሩ ቢናወጥም ደካማ ኮከቦችን ማየት ይችላል። የሚያጣው የምስሉን ጥራት ነው። እጅግ የተመረጡ ተራሮች ላይ እንኳ በዓይን በሚታይ ብርሃን የምስሉ ጥራት 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው መሣሪያ ከሚሰጠው ብዙም አይሻልም።

ከኒውተን እስከ ባብኮክ

ችግሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው የሳይንስ ሊቅ አይዛክ ኒውተን በ1704 ስለ ብርሃን ባሳተሙት መጽሐፍ የአየሩ መንቀጥቀጥ ቴሌስኮፖችን እንደሚያውክ ጽፈዋል። እርሳቸው ያዩት መፍትሔ አንድ ብቻ ነበር። ይህም ቴሌስኮፑን የረጋ አየር ወዳለበት የከፍተኛ ተራራ ራስ መውሰድ ነው። ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ምክር ይከተላሉ። በሃዋይ የሚገኘው ማውና ኬያ ከ4 ሺህ 200 ሜትር በላይ፣ በቺሊ በረሃ የሚገኘው ፓራናል ደግሞ ከ2 ሺህ 600 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው።

ተራራ ላይ መውጣት ነውጡን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። በ1953 አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሆራስ ባብኮክ አዲስ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡም አየሩ ብርሃኑን ምን ያህል እንዳጣመመው በየቅጽበቱ መለካት፣ ከዚያም ቅርፁን በሚለዋውጥ መስታወት ያንኑ ጥምመት በተቃራኒው ማቃናት የሚል ነበር። ሐሳቡ ትክክል ቢሆንም በዘመኑ ይህን በሚፈለገው ፍጥነት የሚሠራ ኮምፒውተርም ሆነ መስታወት አልነበረም። ለሥነ ፈለክ ምርምር በተግባር የታየው ከ36 ዓመታት በኋላ፣ በ1989 በፈረንሳይ በተደረገ ሙከራ ነው።

የማስተካከያው ሥርዓት አሠራር

ይህ ሥርዓት አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ ይባላል። ሦስት ክፍሎች አሉት።

የመጀመሪያው የሞገድ መለኪያው ነው። ወደ ቴሌስኮፑ የገባው ብርሃን በብዙ ጥቃቅን ሌንሶች ላይ ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ሌንስ አንዲት የብርሃን ነጥብ ይፈጥራል። ሞገዱ ለጥ ያለ ከሆነ ነጥቦቹ በሥርዓት ተደርድረው ይታያሉ፤ ከተጨማደደ ግን ነጥቦቹ ከቦታቸው ፈቀቅ ይላሉ። ነጥቦቹ የተንሸራተቱበት መጠንና አቅጣጫ ሞገዱ የት ላይ ምን ያህል እንደተጣመመ ይናገራል።

ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ነው። ከመለኪያው የደረሰውን መረጃ ተቀብሎ መስታወቱ ምን ዓይነት ቅርፅ መያዝ እንዳለበት ከሴኮንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ያሰላል።

ሦስተኛው ተጣጣፊው መስታወት ነው። ከጀርባው በተደረደሩ በርካታ ገፊዎች እየተገፋና እየተሳበ ቅርፁን ይለውጣል። ለአብነት በፓራናል ከሚገኙት አራት ግዙፍ ቴሌስኮፖች በአንዱ ላይ የተተከለው ተጣጣፊ መስታወት ከአንድ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሲሆን ውፍረቱ ግን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቅርፁን የሚለዋውጡት 1 ሺህ 170 ገፊዎች ናቸው። ሥራው በሴኮንድ እስከ 1 ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። የተጨማደደው ብርሃን በዚህ መስታወት ላይ ነጥሮ ሲመለስ ለጥ ያለ ይሆናል፤ ምስሉም ይጠራል።

መሪ ኮከብ ሲታጣ

ሥርዓቱ የሚለካው ብርሃን ያስፈልገዋል። ተመራማሪው ሊያየው የሚፈልገው ነገር አብዛኛውን ጊዜ እጅግ ደካማ ስለሆነ ለመለኪያ አይበቃም። በመሆኑም በአጠገቡ ያለ ብሩህ ኮከብ እንደ መሪ ይወሰዳል። የመሪው ብርሃን ያለፈበት አየር የሚፈለገው ነገር ብርሃን ካለፈበት አየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ አንዱን ማቃናት ሌላውንም ያቃናል።

ችግሩ ብሩህ ኮከቦች ጥቂት መሆናቸው ነው። ከሰማዩ ስፋት ውስጥ በቂ መሪ ኮከብ በአጠገቡ የሚገኝለት ክፍል ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ለቀረው የሰማይ ክፍል ሥርዓቱ መሪ እንደሌለው ዓይነ ስውር መሆኑ ነው።

በ1985 ሁለት ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች፣ ሬኖ ፎይ እና አንትዋን ላቤሪ፣ ተፈጥሮ መሪ ኮከብ በከለከለችበት አቅጣጫ ሰው ራሱ በሌዘር ኮከብ ማብራት እንደሚችል የሚገልጽ ጽሑፍ አሳተሙ። ሌዘር ማለት በአንድ አቅጣጫ ተሰብስቦ የሚጓዝ፣ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ጠንካራ ብርሃን ነው።

ሰው ሠራሹ ኮከብ በሁለት መንገድ ሊፈጠር ይችላል። አንደኛው ሌዘሩ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ከፍታ ባለው አየር ላይ ሲያርፍ ተበትኖ የሚመለሰውን ብርሃን መጠቀም ነው። ሁለተኛውና ለግዙፍ ቴሌስኮፖች የተመረጠው ግን ከዚያ እጅግ ከፍ ብሎ ይሠራል።

ከምድር በላይ በ90 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሶዲየም አተሞች የተበተኑበት ንጣፍ አለ። አተሞቹ የሚመጡት ከጠፈር ወደ ምድር ሲገቡ ተቃጥለው ከሚተንኑ ጥቃቅን የድንጋይና የአቧራ ብናኞች ነው። በሌሊት ተወርዋሪ ኮከብ ብለን የምናያቸውም የዚሁ ክስተት አካል ናቸው። በመላው ዓለም ዙሪያ በዚያ ንጣፍ ውስጥ ያለው ሶዲየም በሙሉ ቢሰበሰብ ክብደቱ አሥር ኩንታል እንደማይሞላ ይገመታል። መጠኑ ይህን ያህል ጥቂት ቢሆንም ለሥራው ይበቃል።

ሶዲየም ለአንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። የምንበላው ጨው ግማሽ አካል ነው። ቀድሞ ከአፋር በቅፍለት እየተጓጓዘ ወደ ደጋ ገበያዎች ይመጣ የነበረው አሞሌ ጨውም ሶዲየም አለበት። ጨው እሳት ላይ ሲወድቅ ነበልባሉ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ይህ ቢጫ የሶዲየም አተም የራሱ ቀለም ነው። ተመራማሪዎችም ሌዘራቸውን በትክክል በዚሁ ቀለም ይቃኙታል። ቢጫው ሌዘር ወደ ሰማይ ወጥቶ የሶዲየሙን ንጣፍ ሲመታ አተሞቹ ብርሃኑን ተቀብለው መልሰው ይረጩታል። ከምድር ሲታይ በዚያ ከፍታ አንዲት ቢጫ ኮከብ የበራች ያህል ይሆናል። ብርሃኑ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም።

ሰው ሠራሹ ኮከብ ለሰው ዓይን የሚታይ አይደለም፤ ለዚያ እጅግ ደካማ ነው። በቴሌስኮፑ አጠገብ የቆመ ሰው የሚያየው ወደ ላይ የሚወጣውን ቢጫ የብርሃን ጨረር ነው። ለቴሌስኮፑ መለኪያ ግን ኮከቡ በቂ መሪ ነው።

ከወታደር ምሥጢር ወደ ሳይንስ አደባባይ

ፎይ እና ላቤሪ ሐሳባቸውን ሲያሳትሙ ያላወቁት አንድ ነገር ነበር። የአሜሪካ ጦር ተመራማሪዎች ከእነርሱ ቀድመው በዚሁ ሐሳብ ላይ በምሥጢር እየሠሩ ነበር። የጦሩ ፍላጎት ከምድር ሆኖ ሳተላይቶችን አጥርቶ ማየትና የሌዘር ጨረር ሳይበታተን ወደ ጠፈር መላክ ነበር። ሥራው በግንቦት ወር 1991 ከምሥጢር ሲወጣ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች በዓመታት የሚቆጠር ልፋት የሚቆጥብ እውቀት አገኙ።

ከዚያ በኋላ እድገቱ ፈጣን ሆነ። በ2004 በማውና ኬያ የሚገኘውና የ10 ሜትር መስታወት ያለው የኬክ ቴሌስኮፕ በሌዘር መሪ ኮከብ ለምርምር መሥራት ጀመረ። በሚያዝያ ወር 2016 ደግሞ በፓራናል አራት ሌዘሮች በአንድ ጊዜ ወደ ሰማይ ተተኮሱ። የእያንዳንዱ ኃይል 22 ዋት፣ የጨረሩ ስፋት 30 ሴንቲ ሜትር ነው። 22 ዋት ለቤት አምፖል ብዙ አይባልም። ብርሃኑ ግን በአንድ ቀለምና በአንድ አቅጣጫ ስለተሰበሰበ ኃይሉ እጅግ ከፍተኛ ነው፤ ዓይንን ሊያሳውር ይችላል።

ምን ታየበት?

ከዚህ ብልሃት ውጤቶች ታላቁ በፍኖተ ሐሊብ መካከል ያለው ጥቁር ጉድጓድ መረጋገጡ ነው። ፍኖተ ሐሊብ በበጋ ሌሊት በሰማይ ላይ እንደ ፈሰሰ ወተት የሚታየው የኮከቦች ክምችት ነው፤ ፀሐያችንም የእርሱ አባል ናት። ማዕከሉ ከእኛ 26 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። በመካከሉ ያለው አቧራ በዓይን የሚታየውን ብርሃን ስለሚጋርድ ማዕከሉ ሊታይ የሚችለው በታሕታይ ቀይ ብርሃን ነው። ደግነቱ አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ ይበልጥ የሚሠምረውም በዚሁ ብርሃን ነው።

በጀርመናዊው ራይንሃርድ ጌንዘል እና በአሜሪካዊቷ አንድሪያ ጌዝ የሚመሩ ሁለት ቡድኖች በማዕከሉ ዙሪያ የሚዞሩትን ኮከቦች ለአሥርት ዓመታት ተከታተሉ። ከኮከቦቹ አንዱ በ16 ዓመት አንድ ጊዜ ዙሪያውን ያጠናቅቃል። ከዞረበት መንገድ ተነሥቶ በመካከል ያለው የማይታይ ነገር ክብደት ተሰላ፤ አራት ሚሊዮን ያህል ፀሐዮችን ያክላል። ሁለቱ ተመራማሪዎች በዚህ ሥራቸው በ2020 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከሮጀር ፔንሮዝ ጋር ተጋርተዋል። ምስሎቹ ያለ አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ ኮከቦቹን ለያይተው የሚያሳዩበት ጥራት ላይ አይደርሱም ነበር።

በ2018 ደግሞ የፓራናሉ ቴሌስኮፕ በአራቱ ሌዘሮች ታግዞ የኔፕቲዩንን ምስል አነሣ። ምስሉ ሐብል የተሰኘው የጠፈር ቴሌስኮፕ ከሚያነሣው የበለጠ ጥራት ነበረው። ከባቢ አየርን ለማምለጥ ወደ ጠፈር የተላከን መሣሪያ በምድር ላይ ሆኖ መብለጥ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት የማይታሰብ ነበር።

አሁን በቺሊ በአርማዞኔስ ተራራ ላይ እየተገነባ ያለው ቴሌስኮፕ ዋና መስታወት 39 ሜትር ስፋት አለው፤ የተዋቀረውም ከ798 ቁርጥራጭ መስታወቶች ነው። ከ5 ሺህ በላይ ገፊዎች ያሉት ተጣጣፊ መስታወትና በርካታ የሌዘር መሪ ኮከቦች ይኖሩታል። ይህን ያህል ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ያለ እነዚህ መሣሪያዎች ከስፋቱ የሚገባውን ጥራት አያገኝም።

ከጠፈር ወደ ዓይን ሕክምና

ብልሃቱ ለሰማይ ብቻ አልቀረም። የሰው ዓይን ሌንስና መስተዋት የየራሳቸው ጉድለት ስላላቸው ሐኪም ወደ ዓይን ውስጥ ሲመለከት የሚያየው ምስል ይደበዝዛል። በ1997 በአሜሪካ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች አዳፕቲቭ ኦፕቲክስን በመጠቀም በሕያው ሰው ዓይን ጀርባ ያሉትን ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አንድ በአንድ ለይተው ፎቶግራፍ ማንሣት ቻሉ። እዚህም መሪ ኮከብ አለ። ደካማ ጨረር ወደ ዓይን ይገባና ከጀርባው ነጥሮ ይመለሳል፤ ያች ነጥብ ለመለኪያው እንደ ኮከብ ታገለግላለች። ዘዴው የዓይን ብርሃንን የሚያሳጡ በሽታዎችን ገና ከጅምራቸው ለማጥናት ይረዳል።

ሌዘሩ የማይችላቸው ነገሮች

የሌዘር መሪ ኮከብ ወሰን አለው። አንደኛ፣ ጨረሩ ወደ ላይ ሲወጣም ሲመለስም በዚያው አየር ውስጥ ስለሚያልፍ ምስሉ በጠቅላላው ወዲያና ወዲህ የሚያደርገውን ውዝዋዜ መለካት አይችልም። ለዚህ ሲባል ደካማም ቢሆን አንድ እውነተኛ ኮከብ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሰው ሠራሹ ኮከብ ያለው በ90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ስለሆነ ብርሃኑ ወደ ቴሌስኮፑ የሚወርደው እንደ ጎጆ ቤት ክዳን ከላይ ጠቦ ከታች ሰፍቶ ነው። የእውነተኛው ኮከብ ብርሃን ያለፈበትን አየር በሙሉ አይዳስስም። ግዙፎቹ ቴሌስኮፖች ብዙ ሌዘሮችን በአንድ ላይ የሚጠቀሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ሌዘሩ ለአውሮፕላን አብራሪዎች ዓይን አደጋ ስለሆነ አውሮፕላን ሲቃረብ መጥፋት አለበት። በአሜሪካ የሚገኙ ቴሌስኮፖች ሳተላይቶች እንዳይጎዱ ሌዘሩን በየትኛው ሰዓት ወደየት እንደሚተኩሱ አስቀድመው ለሚመለከተው ወታደራዊ አካል ያሳውቃሉ። በዚህ አጋጣሚ በየሱቁ የሚሸጡ ትናንሽ የሌዘር መብራቶችም ቢሆኑ ወደ ሰው ዓይን፣ ወደ ተሽከርካሪም ሆነ ወደ አውሮፕላን መቃናት እንደሌለባቸው ወላጆች ለልጆቻቸው ሊነግሩ ይገባል።

ከሁሉም በላይ ሌዘሩ ደመናን አይገፍም፤ የከተማ መብራት ያፈካውን ሰማይም አያጨልምም። የሚያቃናው የአየሩን ነውጥ ብቻ ነው። የደመናና የብርሃን ጉዳይ የሚፈታው በቦታ ምርጫና በቦታ ጥበቃ ነው። ኢትዮጵያን የሚመለከተው ጥያቄም እዚህ ላይ ይነሣል።

ኢትዮጵያና የክልሉ ተራሮች

በኢትዮጵያ በአሁኑ ጊዜ በሌዘር መሪ ኮከብ የሚሠራ ቴሌስኮፕ የለም። በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ባደረገው ጥረት በአዲስ አበባ አናት በእንጦጦ ተራራ ላይ የተቋቋመው ኦብዘርቫቶሪ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ሥራውን የጀመረው በ2015 ነው። ቦታው 3 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። የኮከቦችን ብርሃን መጨመርና መቀነስ መከታተልን ለመሳሰሉ ሥራዎችና ለተማሪዎች ሥልጠና ያገለግላል። እንዲህ ያሉት ሥራዎች ፍጹም የጠራ ምስል የግድ አይሹም።

እንጦጦ ግን ሁለት ችግር አለበት። ክረምቱ በደመና የሚሸፈን መሆኑ አንዱ ሲሆን፣ ሌላው እያደገ የሚሄደው የአዲስ አበባ መብራት ሰማዩን ማፍካቱ ነው። በዚህ ምክንያት ለወደፊት ትልቅ ቴሌስኮፕ የታሰበው ሌላ ቦታ፣ በላስታ ከላሊበላ አጠገብ የሚገኘው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ነው። ከፍታው ከ4 ሺህ 200 ሜትር በላይ ሲሆን ይህም ከማውና ኬያ ጋር ያስተካክለዋል። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑም የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ አብዛኛውን ክፍል ለማየት ይመቻል።

የፍኖተ ሐሊብ ማዕከልም ከክልላችን በግልጽ ይታያል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሊነጋጋ ሲል ወደ ደቡብ የተመለከተ ሰው በሰማዩ አጋማሽ ከፍታ ላይ ያገኘዋል። ማዕከሉ በምሽት ሰማይ ላይ ጎልቶ የሚወጣባቸው ሐምሌና ነሐሴ ግን በእኛ ዘንድ የክረምት ወራት ናቸው።

የምሥራቅ ጎጃም አንባቢ የጮቄ ተራራስ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጮቄም ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከፍታ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ደረቅና የረጋ አየር እንዲሁም ደመና የሌለባቸው ብዙ ሌሊቶች ያስፈልጋሉ። ጮቄ የበርካታ ወንዞች መነሻ ነው። ለገበሬው በረከት የሆነው ጉምና ዝናብ ለቴሌስኮፕ እንቅፋት ነው። ለዚህም ነው አንድ ተራራ ከመመረጡ በፊት የነፋሱ ፍጥነት፣ የእርጥበቱ መጠን፣ የደመናው ብዛትና የአየሩ ነውጥ ለዓመታት የሚለካው።

የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ባዶ መሬት አይደለም። በአካባቢው ማኅበረሰብ የሚጠበቅ የጥብቅ ሥፍራ አካል ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል፤ በዙሪያውም አርሶ አደሮች ያርሳሉ፣ ከብት ያሰማራሉ። ትልቅ ቴሌስኮፕ ማለት መንገድ፣ ኤሌክትሪክ፣ የመገናኛ መስመርና የማይቋረጥ ጥበቃ ማለት ነው። እነዚህ ለአካባቢው ሕዝብ ጥቅም የሚያስገኙትን ያህል ግጦሽንና የዱር እንስሳትን ሊነኩ ይችላሉ። ስለሆነም የተራራው ባለቤት የሆነው ሕዝብ ከመጀመሪያው አንሥቶ ሊመክርበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

የጨለማ ሌሊት ጥበቃ

ሌዘሩንና መስታወቱን ገንዘብ ይገዛቸዋል። ጨለማ ሌሊት ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ በገንዘብ መመለሱ ከባድ ነው። የከተሞቻችን መብራት መስፋፋት መልካም ዜና ነው፤ ለደኅንነትም ለሥራም ያስፈልጋል። ነገር ግን ወደ ሰማይ የሚረጨው ብርሃን ለማንም ሳይጠቅም የሚባክን ኃይል ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የመንገድና የግቢ መብራቶች ከላያቸው ክዳን ኖሯቸው ብርሃናቸውን ወደ መሬት ብቻ እንዲያወርዱ ማድረግ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ደማቅ አምፖል አለመትከል፣ ከነጭ ይልቅ ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን መምረጥ፣ ሰው በማይንቀሳቀስበት ሰዓት ማጥፋት ወይም መቀነስ። ከተማ ገና እያደገ ባለበት በደብረ ወርቅ፣ በብቸናና በሞጣ ይህን ከአሁኑ ማድረግ በኋላ ከመጠገን ይረክሳል።

የጎጃም ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት እያሰሉ በዓላትንና አጽዋማትን ሲያወጡ ኖረዋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም የቀለበት ቅርፅ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ በላስታ ላሊበላ ሲታይም ብዙ ሕዝብ ሰማዩን ተመልክቷል። ሰማይን መመልከት ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር በሌዘር የበራች ኮከብ አየሩን ማቃናት መቻሏ ነው። እርሷም ብትሆን የምትሠራው ሰማዩ ጠርቶና ጨልሞ ሲጠብቃት ብቻ ነው።